የግራዋው ጋን

«ዛሬ መድኃኒቱን እረጨዋለሁ፣ አበቃ። የሷ ቅጠል በውኃ ተባይ እንኳ አይገድልም። ሽታውን ካልቻለች ቤት ትከራይ። መካነ ሰላም ቤት አልጠፋባትም።»

ስመኝ ይህን የሰማችው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ስታጠልቅ ነው። ተናጋሪው የታላቅ እህቷ የአልታዬ ባል አወቀ ነው፤ የሚናገረውም እንደ ወትሮው ግድግዳ የሚባል ነገር ድምፅን ሁሉ የሚያስቀር እየመሰለው ነው። ግድግዳው ግን ግድግዳ ለመባል ያፍራል። ጭቃው ከተለሰነ ዓመታት አልፈውታል፤ የተሰነጠቀውን ቦታ የሸፈነው በስመኝ በኩል የጊዮርጊስ ሥዕል፣ በእነሱ በኩል ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ነው። አወቀ በወዲያ ሲያስነጥስ በወዲህ ሆና «ይማርህ» የምትለው ስመኝ ናት፤ እሱም «ያኑርሽ» ብሎ ይመልሳል። ስለ እሷ ማውራት ሲጀምር ብቻ ነው ያው ግድግዳ የግንብ አጥር የሚሆንለት።

አልታዬ የምትመልሰውን ለመስማት ስመኝ አንድ እግሯን እንዳጠለቀች ጠበቀች። የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማች፣ ዳቦ ሲቆረስ ሰማች፣ ወንበር ሲሳብ ሰማች። የእህቷ ድምፅ ግን አልመጣም። የአወቀ ንግግር አናዷት ነበር፤ የእህቷ ዝምታ ግን ከፋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ሁለተኛውን ካልሲ በእጇ እንደያዘች ብዙ ቆየች።

አወቀ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር። ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ ጧትና ማታ ከቤቱ ጓሮ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ጥቅል ጎመን ያለማል፤ ጎመኑን በዩኒቨርሲቲው በኩል ያሉ ምግብ ቤቶች ራሳቸው መጥተው ይወስዱለታል። ስመኝ ሪያድ የሰው መታጠቢያ ቤት በአሲድና በበረኪና ስትፈትግ ኖራ፣ ሳንባዋ ተቆጥቶ ስትመለስ «ቤታችን ቤትሽ ነው» ያላት ከእህቷ ቀድሞ እሱ ነው። ያጣላቸው የጎመን ክሽክሽ ነው። ይቺ አመድ የተነሰነሰባት የምትመስል ትንሽ ተባይ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፋ ጭማቂውን ትመጠዋለች፣ ጎመኑም ተጨማዶ ሳይጠቀለል ይቀራል። አወቀ የተባይ መድኃኒት ይረጭባታል፤ መድኃኒቱ ደግሞ በጓሮው በር ገብቶ ስመኝን ትንፋሽ ያሳጣታል። ኅዳር ላይ የረጨ ዕለት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ በገዛ ባጃጁ መንገድ እያስለቀቀ ሆስፒታል ያደረሳት፣ ኦክስጅን ተሰክቶላት እስክታገግም ኮሪደር ላይ ቆሞ ያደረው እሱ ነው። ሐኪሙ ዳግመኛ ያ ሽታ ካለበት እንዳትደርስ አለ። አወቀም ልክ ነው አለ። ግን ጎመኑስ ምን ይሁን?

ያን ጊዜ ነው ስመኝ በሬዲዮ የሰማችውን ነገር ይዛ የተነሳችው። የግራዋ ቅጠል ይወቀጣል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይጨመርበታል፣ በውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግስቱ ተጠልሎ፣ ሊረጭ ሲል ጥቂት ሳሙና ይገባበታል። አወቀ ሳቀባት። ሳቁን ሲጨርስ በሽንት ቤቱ በኩል ያሉትን መደቦች ለቀቀላትና ከጥምቀት በኋላ እስካለው ቅዳሜ ካልጸዱ በራሱ መንገድ እንደሚሄድ ነገራት። የመጀመሪያ ጊዜ ሳሙና አብዝታ የጎመኑን ጫፍ ጫፍ አቃጠለችው፤ ለአወቀ የሳምንት መሳቂያ ሆነ። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛው ትናንት ተዘፍዝፎ አድሯል፤ ቅዳሜውም ዛሬ ነው። እሱ ከረጨ እሷ በዚህ ቤት መኖር አትችልም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ስትወጣ አወቀን ጓዳው በር ላይ ባለችው ጠባብ በረንዳ አገኘችው። መድኃኒቱን በውኃ በጥብጦ ጨርሶ የጀሪካኑን ክዳን እያጠበቀ ነው። አወቀ ክዳን ሲያጠብቅ አንድ ዓመት የሚቀመጥ ቅቤ የሚያሽግ ነው የሚመስለው። ጀሪካኑ ቢጫ ነው፤ ውኃ በወረፋ በሚመጣበት ከተማ በየግቢው ተደርድሮ እንደሚታየው ያለ፣ የውኃ ጀሪካን። ስመኝ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱም አይቷት ፈጠን ብሎ ጀሪካኑን ጥላው ውስጥ፣ ከእሷ ጋን አጠገብ አስቀመጠው። ጋኑ አፉ የተሸረፈ አሮጌ ዕቃ ነው፤ ባልዲው የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይዞ እንዳይቀር ብላ አልታዬ የሰጠቻት። ዝንብ እንዳይገባበት ስመኝ አፉን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሸፍና በሲባጎ አስራዋለች።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ» አላት ዓይኗን ሳያይ። «ስመጣ እረጫለሁ። አንቺ ከሰዓት ጎረቤት እነ ሸጋዬ ዘንድ ቆይ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ የሦስተኛውን ልርጭና እየው።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለሽ አልኩሽ እኮ» አለና ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ጎመኑን ሄዳ አገላብጣ አየችው። ግማሹ ቅጠል ላይ ክሽክሹ ደርቆ እንደ ብናኝ ይራገፋል፤ ልቡ አካባቢ ባሉት ቅጠሎች እጥፋት ውስጥ ግን በሕይወት አለ፣ በምቾትም አለ። አንድ ርጭት ይጨርሰዋል ብላ አመነች፤ ለማመን ስለፈለገችም ሳይሆን አይቀርም። የአወቀ መርጫ ፓምፕ መድኃኒት የለመደ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ልትዋስ ወደ ገበያው መውጣት ነበረባት። ደጃፉ ላይ የአወቀ እናት እማማ የትምወርቅ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ለአስተርእዮ ማርያም ማኅበር ከከላላ ገጠር የመጡ ናቸው፤ መንገዱ ላይ የያዛቸው ጉንፋን አፍንጫቸውን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ከጉንፋኑ ይልቅ ያመማቸው ግን ሥራ መፍታት ነው። ከመጡ ጀምሮ አንድ ነገር ስጡኝ እያሉ ሲለምኑ፣ ሁሉም «ይረፉ እማማ» እያለ ያልፋቸዋል። ስመኝም እንደዚያው ብላ አለፈቻቸው።

ዋናው መንገድ ላይ ፀሐዩ ቢወጣም ብርዱ አልለቀቀም። የደሴ መኪና ረዳቶች ይጣራሉ፤ ተማሪዎች ኮታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከትተው ሁለት ሦስት ሆነው ያልፋሉ። ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠዋን ሴት ዋጋ ጠየቀችና፣ መልሱን ስትሰማ የግራዋን ዛፍ በነጻ የፈጠረውን አምላክ አመሰገነች። ከዚያ አንድ በር ላይ «የሚከራይ ክፍል» የሚል ካርቶን አየች። ላለመቆም ፈልጋ ነበር፣ እግሯ ግን ቆመ። ባለቤቲቱ ወይዘሮ እንቁ የሚባሉ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው፤ ቁልፍ እያንቀጫቀጩ ወሰዷት። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ ለአንድ አልጋና ለአንድ ባልዲ ብቻ የሚበቃ ቦታ አለው። ኪራዩ ሁለት ሺህ ብር፣ መብራት ለብቻ። «ንጹሕ ነው ልጄ፣ ትኋን የሚባል አታይበትም፤ ትናንት አስረጭቼዋለሁ» አሏት ኮራ ብለው። ስመኝ ያን ጊዜ ሽታው ጉሮሮዋን ያዛት። እየሳለች ወደ መንገዱ ወጣች፤ የስልክ ምሰሶ ተደግፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች። ወይዘሮ እንቁ ውኃ ይዘው ተከትለዋት ወጡና ጀርባዋን አሹላት፤ ደግ ሴት ናቸው። ስመኝ ግን ፈራች። ከእህቷ ቤት ብትወጣ የትም ብትሄድ ያው ሽታ እንደሚጠብቃት ምሰሶው ሥር ሆና ገባት።

አሕመድኑር ገመድ፣ ማጭድ፣ ዶማና የመርጫ ፓምፕ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው፤ ከስመኝ ጋር አብረው ተምረዋል። የመጣችበትን ስትነግረው ከመደርደሪያው ላይ አዲስ ፓምፕ አውርዶ አቧራውን በእጁ ጠረገ።

«መድኃኒት ነክቶት አያውቅም፣ ወላሂ» አላት። «ግን አንቺ ልጅ፣ እናንተ ሠፈር ግራዋ የሚታወቀው የጠላ ዕቃ ሲታጠብበት ነው። ለጎመን የሚያጠጣ ሰው ያየሁት ባንቺ ነው።»

«ሳቅብኝ፣ ግድ የለም። ዛሬ የሳቀብኝ በዝቷል።»

ፊቷን አየና ሳቁን ተወው። «አብሽሪ። ስትጨርሺ ታመጪዋለሽ። አላህ ያግራልሽ» አላት። ፓምፑን በጀርባዋ አዝላ ስትሄድ ከጧት ጀምሮ የሰማችው ደግ ቃል ይህ ብቻ እንደሆነ አሰበች፤ ወይዘሮ እንቁን ረስታቸው ነው።

ቤት ስትደርስ ቀትር አልፏል። አልታዬ ለቅሶ ደርሳ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ግቢው መሐል ቆማለች። እማማ የትምወርቅ ጋቢያቸውን ጥለው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ እስከ ክንዳቸው ዱቄት ሆነው ከበረንዳው ብቅ አሉ። ከመጡ ወዲህ ፊታቸው እንደዚያ ፈክቶ አያውቅም።

«መጣሽ ልጄ? ነይ እዪልኝ። ሁላችሁም ሥራ በዛባችሁ፤ የማኅበሩን ጠላ ጥንስስ ረስታችሁት ኖሯል። ደፈደፍኩላችሁ።»

ስመኝ በረንዳውን አየች። የአሮጌው ጋን ጨርቅ ተፈትቶ እንደገና ታስሯል፤ አስተሳሰሩም የከላላ ነው፣ የእሷ አይደለም። አጠገቡ የብቅሉ ቁና ባዶውን ተደፍቷል፤ አልታዬ ለማኅበሩ የጋገረችው የድፍድፍ ቂጣ አንድም አልተረፈ። የእውነተኛው ጥንስስ ጋን ትናንት እዚያው በረንዳ ላይ ነበር፤ ብርድ እንዳይመታው ብላ አልታዬ ማታ ምድጃው አጠገብ አስገብታዋለች። ለአሮጊቷ ማን ይንገራቸው? ጨርቅ የታሰረበት ጋን አዩ፤ ከፍተው ሲያዩ ቅጠል የተዘፈዘፈበት አረንጓዴ ውኃ ነው። አፍንጫቸው ደህና ቢሆን ነጭ ሽንኩርቱ ይነግራቸው ነበር። በወሎ ምድር አፉ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ጋን አይቶ ከጠላ ሌላ የሚያስብ ሴት ወይዘሮ ደግሞ የለችም።

«ቀመሱት እንዴ እማማ?» አለች ስመኝ ቀስ ብላ።

«ሳይቀመስ ይደፈደፋል? ሁለት ጉንጭ። ጌሾ አብዝታችኋል፣ አንገብግቦኛል። ምን ከታችሁበት ነው እንዲህ የሚያቃጥል?»

ስመኝ ነገረቻቸው። ግራዋ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ቃሪያ ነው፤ ሳሙናው ገና አልገባበትም። አልታዬ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ የትምወርቅ ግን መጀመሪያ ያሳዘናቸው ብቅሉ ነው። ይህን ሁሉ የፀሐይ ብቅል፣ ለማርያም የተባለውን፣ በቅጠል ውኃ ላይ! አልታዬ ፈርታ አወቀ ዘንድ ደወለች፤ በስልክ ምን እንዳለችው ባይታወቅም እሱ የሰማው «እናትህ የክሽክሹን መድኃኒት ጠጡ» የሚለውን ብቻ ነው። ባጃጁ ግቢው በር ላይ ሲቆም አፍንጫው የቆርቆሮውን አጥር ገጨው።

አወቀ ገብቶ እናቱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ፊታቸውን አገላበጠ፣ ከዚያ ወደ ስመኝ ዞረ።

«ምን አጠጣሻት? እናቴን ምን አጠጣሻት? መርዝሽን ከቤቴ አውጪ!»

ስመኝ ያልጠበቀችው መልስ ከኋላዋ መጣ። አልታዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። «ጧት ቅጠል በውኃ ነው፣ ክሽክሽ እንኳ አይገድልም ስትል አልነበረም? ከሰዓት መርዝ ሆነ?» አለችው። «እኔም ጧት ዝም አልኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቤቱ የሷም ቤት ነው ማለት ነበረብኝ።»

ስመኝ እህቷን አየቻት። ሄዳ ጋኑን ከፈተች፤ በጣሳ ቀዳችና፣ የተንሳፈፈውን ቂጣ በጣቷ ገፋ አድርጋ፣ ሁሉም እያያት ጠጣችው። እውነት ለመናገር የሚጠጣ ነገር አይደለም። መራራነቱ ፊቷን አኮማተረው፣ ቃሪያው እንባዋን አመጣው። «ይኸው» አለች አፏን እየጠረገች፣ «ሆስፒታል የሚያደርስ ከሆነ ሁለታችንንም ውሰደን።»

«እኔ የትም አልሄድ» አሉ እማማ የትምወርቅ ተቀምጠው። «ግራዋ አላውቅም እንዴ? ልጅ ሆነን ሆዳችንን ሲቆርጠን እናታችን ጨምቃ ትግተን ነበር። ይልቅስ ያናደደኝ እሱ አይደለም። ድፍድፉ ጠጠረብኝና ውኃ ልጨምርበት ብል ያን ጀሪካን መክፈት አቃተኝ።» በአገጫቸው ጋኑ አጠገብ ያለውን ቢጫ ጀሪካን አሳዩት። «ታገልኩት፣ ታገልኩት፤ ጣቴ እንደሆነ ቁርጥማት በልቶታል። በጥርሴም ሞክሬው ነበር። ማነው እንዲህ አድርጎ የዘጋው? ይቅር ብዬ ተውኩት እንጂ አንድ ጣሳ ብጨምርበት፣ ሲቀመስም ጉሮሮዬን ባላቃጠለው።»

አወቀ ጀሪካኑን አየ፤ የእናቱን እጅ አየ፤ መልሶ ጀሪካኑን አየ። ሄዶ ክዳኑን በአንድ እጁ ያዘው፤ አልዞረም። በሁለት እጁ ሲይዘው ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አልከፈተውም። መልሶ አጠበቀውና እዚያው በረንዳው ጫፍ ላይ፣ የእናቱ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እጆቹን በጉልበቱ መሐል ከተታቸው። ስመኝ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ያደረውን ሰው ያን ጊዜ አየችው፤ አሳዘናትም።

«ምነው? ውኃ አይደለም?» አሉ እማማ።

«አይደለም እማማ» አለች አልታዬ። «ውኃ አይደለም።»

አሮጊቷ የልጃቸውን ራስ ከላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ከነዱቄቱ ጸጉሩ ላይ አሳረፉት።

አወቀ ሲነሳ ጀሪካኑንና የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወስዶ ዕቃ ቤት ቆለፈባቸው፤ ቦይ ውስጥ እንደማይደፋው፣ ሰኞ ግብርና ቢሮ ጠይቆ የሚያስወግድበትን ቦታ እንደሚያውቅ ለማንም ሳይሆን ለቁልፉ ነገረው። ተመልሶ ሲመጣ እጁን እስከ ክንዱ ታጥቧል። ስመኝ በአልታዬ አሮጌ ነጠላ ድፍድፉን እየጠለለች ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ የነጠላውን ሌላ ጫፍ ያዘላት፤ ሁለቱ ሆነው ጠመዘዙት። ዶሮዎች ለብቅሉ ተሰበሰቡ።

«ሳሙናው ስንት ነው የሚገባበት?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የአውራ ጣትህን ያህል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ያደረኩትን አስታውስ።»

ፈገግ ሊል ሞከረ። የአሕመድኑርን ፓምፕ እሱ አዘለው፤ እሷ ከፊት ከፊት እየሄደች ቅጠሉን ታነሳለታለች፣ እሱ ከሥር ይረጫል። ከሷ መደብ ጀምረው የራሱንም መደቦች ሳይነጋገሩ ቀጠሉ። የከሰዓቱ ነፋስ ብናኙን ፊቷ ላይ መልሶ ሲያመጣባት ስመኝ እንደ ልማዷ ልትሸሽ አለችና ቆመች። የሚሸተው ነጭ ሽንኩርትና ብቅል ነው። አየሩን እስከ ሆዷ ሳበችው። እማማ የትምወርቅ ወንበራቸውን ጓሮ አስወጥተው «እዚያ ጋ ዘለልክ፣ ያቺኛዋ አልደረሳትም» እያሉ ያዛሉ፤ በመሐል በመሐል ለማርያም የተባለ ብቅል ክሽክሽ ሲጠጣው አየሁ እያሉ ያጉረመርማሉ። ክሽክሹ ያን ዕለት ሙልጭ ብሎ አልጠፋም፤ እንዲያውም የጠገበ ይመስል ነበር። ግን ማንም ዘጠኝ ሰዓት ሆነ አላለም።

ራት ሳይቀርብ ስመኝ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ስታወልቅ ግድግዳው ተንኳኳ፤ የቀን መቁጠሪያው ባለበት በኩል።

«ስመኝ፣ ጧት ሰምተሽኝ ነበር?» አላት አወቀ ከወዲያ።

«ሰምቼህ ነበር ጋሼ።»

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግራዋውን እኔ እቆርጠዋለሁ። ዝቅ ዝቅ ያለውን ጨርሰሽዋል፤ ላይኛው አይደርስሽም» አለ።

ስመኝ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት የቀኑ የብቅል ዱቄት አፍንጫዋ ውስጥ ተቀስቅሶ አስነጠሳት። ከግድግዳው ማዶ አወቀ፣ አልታዬና እማማ የትምወርቅ እኩል «ይማርሽ» አሏት።

«ያኑራችሁ» አለች፤ ካልሲዋንም ከአልጋው ሥር አስቀምጣ ለራት ወደ እነሱ ወጣች።